አፋምቦ ላይ ያላገኘኋቸው አሥራ ስምንት ሰዎች

መጠይቁ አርባ ሁለት ጥያቄ ነበረው። አርባ ሁለቱንም ያዘጋጀው ዶክተር ተክለ ማርያም ነው፤ አዲስ አበባ፣ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱን ከፍቶ ነፋስ እየገባለት። ይህን የምለው ለክፋት አይደለም። ነፋስ የማያገኝ ሰው «የግብርና ፖሊሲው ዘላቂነት ከባለድርሻ አካላት እይታ አንጻር» የሚል ርዕስ አያወጣም። ሰመራ ውስጥ በነሐሴ ርዕስ የሚያወጣ ሰው ሁለተኛው ቃል ላይ ውሃ ፍለጋ ይነሳል።

መልሶቹ ግን አምስት ብቻ ነበሩ፤ በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ አስተያየት የለኝም፣ አልስማማም፣ በጣም አልስማማም። ጠያቂዋ ታነባለች፣ ተጠያቂው ይመርጣል፣ ጠያቂዋ ታከብባለች። ጠያቂዋ እኔ ነኝ። ሰርክአዲስ እባላለሁ፤ የደብረ ሲና ልጅ ነኝ። ሰመራ የግብርና ቢሮ ከገባሁ አራት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖኛል፣ ያውም በኮንትራት። በየስድስት ወሩ ደብዳቤዬ ይታደሳል፤ በየስድስት ወሩ ለሰው ኃይል ክፍሉ ሰውዬ ጥርሴን አሳያለሁ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ አልጋ አልገዛሁም፤ ኮንትራት የሆነ ሰው ፍራሹን መሬት ላይ ዘርግቶ ነው የሚኖረው። ዶክተሩ ጥናቱን ሲጀምር «የማረጋገጫ ዐውደ ጥናቱ በሰላም ይለፍ እንጂ የቋሚነትሽን ነገር ለእኔ ተዪው» አለኝ። የቢሮው ኃላፊ አጠገቡ ነበሩ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም በዚያው ሳምንት የአልጋ ዋጋ መጠየቅ ጀመርኩ።

የሚጠየቁት ዘጠና ሰዎች ናቸው። መጀመሪያ አፋምቦ መሄድ ነበረብን፤ ነገር ግን ወንዙ ሞልቶ መንገዱን ቆርጦታል ተባለ። «ውሃው ሲጎድል እንመለስበታለን» ብለን ሽቅብ ወጣን። ገዋኔን ጨረስን፣ አዋሽ ሰባት ኪሎን ጨረስን። እሁድ ጠዋት ዶክተሩ ደወለ።

«አፋምቦስ?» አለ።

«አልቋል ዶክተር» አልኩ። ምላሴ ከእኔ ቀድሞ ነው የመለሰው፤ እኔ ገና እያሰብኩ ነበር።

«ጎበዝ። ዛሬውኑ ላኪልኝ» አለና ዘጋው።

አፋምቦ ከተቀመጥኩበት ከአዋሽ ሰባት ኪሎ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ መንገዱም ውሃ ውስጥ ነው። በእጄ ያለው ወረዳው የሰጠን የአሥራ ስምንት ሰዎች ስም ዝርዝር ብቻ ነበር። ሙጂባ ሆቴል በረንዳ ላይ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ተቀምጬ እስክሪብቶዬን አወጣሁ።

ብቻዬን አልነበርኩም። ሾፌራችን ጣሃ አብሮኝ ነበር፤ የባቲ ልጅ ነው፤ ጨዋታ ያውቃል፣ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ግን አይችልም። የያዝኩትን ሲያይ ወንበሩን ጠጋ አደረገና «አንቺ ጠይቂ፣ እኔ አፋምቦ እሆናለሁ» አለኝ።

«ጥያቄ ዘጠኝ» አልኩ። «የወንዝ ዳር የግጦሽ መሬት ለመስኖ ስንዴ መዋሉ የአርብቶ አደሩን ኑሮ በዘላቂነት ያሻሽላል ብለው ያምናሉ?»

ጣሃ መፋቂያውን በከንፈሩ ጥግ ይዞ ዓይኑን ጨፈነ። «በጣም እስማማለሁ» አለ። «ላሞቼን ጠይቄያቸው ነበር፤ እነሱም ይስማማሉ።»

ከዝርዝሩ በመጀመሪያው ሰው፣ በገዓስ ያዮ ፎርም ላይ አከበብኩ። አራተኛው ሰው ላይ ስንደርስ አንዱን በሽማግሌ ድምፅ፣ አንዱን አፍንጫው እንደተደፈነ ሰው አድርጎ ይመልስልኝ ጀመር። ሰባተኛው ላይ «ይኼኛው አኩራፊ ይሁን» አለ። «ሁሉም ከተስማማ ያስነቃል።» ትክክል ነበር። አሥራ አምስቱን አስማማን፣ ሦስቱን አስኮረፍን። በጥንቃቄያችን ኮራሁ፤ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ በእውነተኛዎቹ ላይ እንኳ አላደረግኩም።

የሆቴሉ ባለቤት ሙጂባ ሻይ ይዛ መጣች። «ምንድን ነው እንዲህ የሚያስቃችሁ?»

«ጥናት ነው» አልኳት።

«ጥናት ያስቃል እንዴ? ታዲያ ልጆቼን ምን ያስለቅሳቸዋል?» ብላ ብርጭቆዎቹን አስቀምጣ ሄደች።

ከጎናችን ባለው ጠረጴዛ ሎይታ የሚባል የገዋኔ የከብት ነጋዴ ተቀምጦ ነበር። ሽርጡን አስተካክሎ፣ ዱላውን ወንበሩ ላይ አስደግፎ መጣና ጨበጠን። «ገዓስ ያዮ ስትሉ ሰማሁ» አለ። «የአፋምቦውን?»

እዚህ ላይ ስለ ዳጉ መናገር አለብኝ። አፋር ከአፋር ጋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ይቀመጣል፤ ወሬ ይለዋወጣል። ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ፣ ከማን ሰማህ፤ የት ዘነበ፣ የት ሳር አለ፣ ማን ሞተ፣ ማን ታረቀ። ያየኸውን አየሁ፣ የሰማኸውን ሰማሁ ብለህ ለይተህ ትናገራለህ። የተቀበለህም ሳይጨምር ሳይቀንስ ለሚቀጥለው ያደርሳል፤ ከብቱም ሰዉም የሚንቀሳቀሰው በዚያ ነው። የእኔ አገር ሰላምታ ሌላ ነው። እኛ ደብረ ሲና ሩብ ሰዓት ሙሉ «እንዴት ናችሁ» ተባብለን ስንለያይ አንዳች ወሬ አልተለዋወጥንም። ቤቱ እየነደደ ያለ ሰው እንኳ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና» ብሎ ነው ወደ እሳቱ የሚሮጠው። እኔ አራት ዓመት ከመንፈቅ ሰመራ ተቀምጬ ዳጉን የእነሱ «እንዴት ናችሁ» አድርጌ ነበር የማየው።

«ከየት ነው የመጣሽው?» አለ ሎይታ።

«ከአፋምቦ።»

ጣሃ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ።

«ገዓስን አየሽው ወይስ ስለሱ ሰማሽ?»

«አየሁት።»

«ምን አለ?»

ፎርሙን ተመለከትኩ። «የወንዙን ዳር ለስንዴ መስጠቱን በጣም ይስማማበታል።»

ሎይታ ሻዩን ጨረሰ። «ገዓስ» አለ። «የያዮ ልጅ። የወንዙን ዳር።»

«አዎ።»

«እሱ ራሱ ደህና ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው» አልኩት።

አመስግኖ ተነሣ። ከደጅ የጅቡቲ ከባድ መኪናዎች ተደርድረው ነበር፤ በመካከላቸው አልፎ ሲሄድ ስልኩን ከወገቡ ሲያወጣ አየሁት።

«ሰርኬ፣ ወላሂ ምን አደረግሽ?» አለ ጣሃ።

«ሰላም አለኝ፣ ሰላም አልኩት።»

«አላለሽም። ባቲ ገበያ ከነሱ ጋር ነው ያደግኩት። እኔን ብትዋሺኝ እስቅና እተወዋለሁ፤ እሱ ግን አደራ ተቀብሎ ነው የሄደው።» ጣሃ እንዲህ ቁም ነገር ሲናገር አይቼው ስለማላውቅ ሳቅኩበት። ፎርሞቹን ፎቶ አንስቼ ለዶክተሩ ላክኩና ምሳ አዘዝኩ።

ሰኞ ገዋኔ ነዳጅ ልንቀዳ ቆምን። አራት ሰዎች ከጥላው ተነሥተው በቀጥታ ወደ መኪናችን መጡ። እየጠበቁን እንደነበር ያስታውቃል። እኔን ጨበጡኝ፣ ተቀመጡ፣ ጠየቁኝ። ገዓስ የሰጠው ከላይ ያለውን ነው ከታች ያለውን? ከዛፎቹ ወዲህ ያለው ሳርስ አለበት? ተቀምጦ ነው የተናገረው ቆሞ? እኔም አንዴ ገብቼበታለሁና እየፈጠርኩ መለስኩ። ከታች ያለውን፣ ሳሩም አለበት፣ ተቀምጦ። በመጨረሻ አንዱ «ወንድሞቹ አብረውት ነበሩ?» አለ።

«ወንድሞቹን አላየሁም» አልኩ።

ከእሁድ ጀምሮ የተናገርኩት የመጀመሪያው እውነት ይህ ነበር፤ ሰውየውን ጉድ ያደረገውም እሱ ነው። አራቱ ተያዩ። እኔ ግን ያኔ አልገባኝም። መኪና ውስጥ ስገባ ጣሃ ሬዲዮውን አጠፋና «ብቻውን ሰጠ ማለት ነው እኮ» አለኝ። እስከ ሚሌ ድረስ ሌላ ቃል አልተናገረም። እኔ ደግሞ ዝም ሲሉኝ ስለምናደድ፣ ዝም አልኩት።

ሐሙስ ጠዋት ሰመራ፣ የዐውደ ጥናቱ አዳራሽ በር ላይ ስደርስ ጥበቃው እየሳቀ ተቀበለኝ። «አንድ ሽማግሌ ከንጋት ጀምሮ እዚህ ናቸው» አለኝ። «የሚገባውን ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቃሉ።»

«ምን ብለው?»

«‹ያገኘችኝ ሴት የትኛዋ ናት?›»

በባንዲራው ምሰሶ ጥላ ሥር ቀጠን ያለ፣ ጢሙ በሂና የቀላ ሰው ተቀምጧል። ሽርጡ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ፊቴን ወደ ቦርሳዬ አጎንብሼ አለፍኩ።

አዳራሹ ውስጥ አየር ማቀዝቀዣው ይሠራ ነበር፤ ስለዚህ ሁሉም ሰው በፖሊሲው ደስተኛ ነበር። ዶክተሩ ስላይዱን ከፈተ። «አፋምቦ ላይ» አለ፣ «ከተጠየቁት ሰማንያ ሦስት ነጥብ ሦስት ከመቶ የሚሆኑት ፖሊሲው ዘላቂ እንደሆነ በጣም ይስማማሉ።» ነጥብ ሦስቷ ደስ አለችኝ። ጣሃ በሐሳቡ የፈጠራቸው ሰዎች በነጥብ ሲገለጹ እውነት መሰሉኝ።

ከኋላ ወንበር አንድ እጅ ወጣ።

«እኔ ገዓስ ያዮ ነኝ» አለ። አማርኛው ቀስ ያለ ነበር፤ ግን ይሰማል። «እናንተ አግኝታችሁኛል አሉ። የት እንዳገኛችሁኝ ልጠይቅ ነው የመጣሁት። መሬቱ የእኔ አይደለም፤ የጎሳው ነው። ወንድሞቼ ሳይኖሩ ብቻውን ሰጠ ተብያለሁ። ቅዳሜ ጎሳዬ ሊነጋገርብኝ ይቀመጣል። አራት ቀን ሆነኝ፤ ሰው ሰላም ይለኝና ያልፋል። ወሬ የሚነግረኝ የለም። የት እንደዘነበ አላውቅም። ላሞቼን ወዴት እንደምነዳ አላውቅም። ተናግሬ ከሆነ፣ መቼ እንደተናገርኩ ንገሩኝ።»

ዶክተሩ ፈገግ አለ። «የአረዳድ ክፍተት ይኖራል አባት። መረጃውን የሰበሰበችው ባለሙያ ታብራራልዎታለች። ሰርክአዲስ?»

ማይኩ እጄ ገባ። ዶክተሩ ተመለከተኝ፤ ኃላፊው ተመለከቱኝ። የምለውን እኔ አውቀው ነበር፤ «የተጠያቂዎችን ማንነት መግለጽ የጥናት ሥነ ምግባር አይፈቅድም»። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት፤ ያማረች፣ ማንም የማይከራከርባት። ብናገራት ዶክተሩ ወደሚቀጥለው ስላይድ ያልፋል፣ እኔም ወደ አልጋዬ። አፌን ስከፍት ገዓስን አየሁት። የተቆጣ ሰው መስሎኝ ነበር። አልተቆጣም። ምናልባት ታምሜ ተናግሬ ረስቼው ይሆን ብሎ ራሱን የጠረጠረ ሰው ፊት ነበር ያየሁት። በራሴ ላይ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም።

«አላየሁዎትም» አልኩ። «ስለ እርስዎም ከማንም አልሰማሁም። አፋምቦ አልሄድኩም። አዋሽ ሰባት ኪሎ ሻይ እየጠጣሁ ነው የጻፍኩት። አሥራ ስምንቱንም።»

ጣሃ ከበሩ አጠገብ ተነሣ። ማንም አልጠራውም። «በጣም እስማማለሁ ያልኩት እኔ ነኝ» አለ። «አሁን አልስማማም።»

መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም። ዶክተሩ የሻይ ዕረፍት አወጀ። ከዕረፍቱ ስንመለስ የአፋምቦ ስላይድ አልነበረም፤ «በመንገድ መቆረጥ ምክንያት አልተካተተም» የሚል አንድ መስመር ገብቶ ነበር፤ ጥናቱም በጭብጨባ አለፈ። ኃላፊው ኮሪደር ላይ ጠሩኝና ኮንትራቴ እንደማይታደስ በሦስት ቃል ነገሩኝ። ዶክተሩ ሰላም ሳይለኝ መኪናው ውስጥ ገባ።

ደጅ ስወጣ ገዓስ እየጠበቀኝ ነበር። ያመሰግነኛል ብዬ አስቤ ነበር።

«ቅዳሜ ነይ» አለኝ።

«ተናገርኩ እኮ።»

«ለእነዚህ ነው የተናገርሽው። የእኔ ሰዎች አልሰሙሽም።»

«በእርስዎ ምክንያት ሥራዬን አጣሁ፣ ያውቃሉ?» አልኩት። ጮክ ብዬ ነበር፤ ጥበቃው ዞር አለ።

«እኔ ደግሞ ሰዎቼን ላጣ ነው» አለ፤ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ። 

ቅዳሜ ጣሃ እስከ ውሃው ጫፍ አደረሰኝ። መኪናው ከዚያ ወዲያ አይሄድም። ጫማዬን አውልቄ፣ ቦርሳዬን ራሴ ላይ አድርጌ፣ ጭኔ ድረስ በጭቃ ውሃ ተሻገርኩ። በወረቀት አንድ ጊዜ የጨረስኩትን ወረዳ በእግሬ ለመድረስ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

ጎሳው ዛፍ ሥር ተቀምጧል። ገዓስ ዳር ላይ ለብቻው ነው፤ በእሱና በሚቀጥለው ሰው መካከል ሦስት ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ባዶውን ቀርቷል። የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር አስተረጎመልኝ። ከመጀመሪያው ጀምሬ ተናገርኩ። እንደ ዶክተሩ መጠይቅ አይደለም የጠየቁኝ። ሎይታ ከየትኛው ወንበር ተነሥቶ መጣ? መጀመሪያ የቱን ጠየቀ? ገዋኔ ላይ ስለ ወንድሞቹ የጠየቀው ረጅሙ ነው አጭሩ? ወንድሞቹን አላየሁም ስትዪ፣ ገዓስንም አለማየትሽን ለምን አብረሽ አልተናገርሽም? ለመጨረሻው «ፈርቼ ነው» አልኩ። ርዕሰ መምህሩ ሲተረጉመው ከእኔ ይልቅ እሱ አፈረ።

ጠይቀው ጨረሱ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ዱላውን ተደግፎ ተነሣ፤ ባዶውን ቦታ አልፎ ገዓስ አጠገብ ተቀመጠና ዝቅ ባለ ድምፅ ይነግረው ጀመር። ምን አለው ብዬ ጠየቅኩ። «ከትናንት በስቲያ በላይኛው በኩል ዘንቧል፣ የአጎቱ ልጅ ላም ወልዳለች፣ ውሃው በአንድ ክንድ ጎድሏል» አለኝ ርዕሰ መምህሩ። ገዓስ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚሰማው። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም።

«ሌሎቹስ?» አለ አንዱ። «አሥራ ስምንት ነው ያልሽው።»

ዝርዝሩን አውጥቼ ማንበብ ጀመርኩ። ስሙን የጠራሁት ሁሉ እጁን ያነሳና «አላገኘችኝም» ይላል። አምስተኛው ላይ መሳቅ ጀመሩ፤ አሥረኛው ላይ ልጆች ሳይቀሩ ከእኔ ጋር ይቆጥሩ ነበር። እኔም አብሬያቸው ሳቅኩ። አሥራ አራተኛው ላይ «ዳውድ ኢድሪስ» አልኩ።

ሳቁ ቆመ። ርዕሰ መምህሩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ሁለት ዓመት ሆነው ከሞተ» አለኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ከሴቶቹ መካከል አንዲት ጥቁር ሻሽ የለበሰች ሴት ተነሥታ መጣችና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ኡምሰልማ ትባላለች፤ ሚስቱ ነበረች።

«ዳውድ ምን አለ ብለሽ ጻፍሽ?» አለችኝ።

«ይቅርታ» አልኳት።

«ይቅርታውን ሰማሁ። ምን አለ?»

«በጣም እስማማለሁ አለ።»

«ምኑን?»

«ሁሉንም» አልኩ። «አርባ ሁለቱንም።»

ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ መሳቅ ጀመረች፤ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ፣ እንባዋ እስኪወርድ። እሷ ስትስቅ ሌሎቹም ሳቁ። «ሃያ ስድስት ዓመት አብሬው ኖርኩ» አለች። «አንድ ቀን እሺ ብሎ አያውቅም። ይዘንባል ስለው እንኳ ደጅ ዝናቡ እያበሰበሰው አይዘንብም ይለኝ ነበር።» እንባዋን ጠረገች። ሳቁ ከፊቷ ላይ ሲጠፋ እንባው አልጠፋም። «የቀረ ወረቀት አለሽ?»

አንድ ያልተሞላ መጠይቅ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

«አንብቢልኝ» አለች። «እሱ የሚለውን እኔ ነኝ የማውቀው።»

ቢሮ እንደሌለኝ፣ ወረቀቱን የሚቀበለኝ ሰው እንደሌለ ነገርኳት። ዶክተሩም ጥናቱን ጨርሶ አዲስ አበባ ገብቷል አልኳት። ርዕሰ መምህሩ ሲተረጉምላት ሰማችና እጇን ወረቀቱ ላይ አድርጋ «ጻፊ» አለች።

ጥያቄ አንድን አነበብኩላት። ተርጓሚው ሳይጨርስ «አልስማማም በይ» አለች፤ ከዚያም ለምን እንደማይስማማ ነገረችኝ። የትኛው ሳር በየትኛው ወር እንደሚበቅል፣ ስንዴው ሲመጣ ቦዩ የት እንዳለፈ፣ ዳውድ ቦዩ ዳር ቆሞ ምን እንዳለ፣ ለማን እንዳለ። ለመልሱ የተተወው ቦታ አልበቃኝም፤ ወረቀቱን ገልብጬ በጀርባው ቀጠልኩ። ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ሲሆን ገና ጥያቄ ሦስት ላይ ነበርን።